ከደልጊ ጅዳ ስንት ሰዓት ነው?

 

ዛሬ ትንሽ የጉዞ ሂሳብ እንሥራ። ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ጅዳ ንጉሥ ዐብዱልዓዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየር ላይ የሚያቆየው ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ከባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ተነሣን ስንል አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንወርዳለን። የሁለቱን ማረፊያዎች ስም ስልካችን ላይ ብንጽፍ ይህን ሁሉ ወዲያው ይነግረናል። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳር ልጅ "እህትህ የት ናት?" ሲባል "ጅዳ ናት፤ ቅርብ ነው፣ ሦስት ሰዓት ነው" ቢል አልዋሸም።

አሁን ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ከሌለበት ቦታ ተነሥተን እንቁጠር። ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ በጣና ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለች የሐይቅ ወደብ። ከባሕር ዳር ሐይቁን በቀጥታ አቋርጠን ብንለካ 80 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከባሕር ዳር ጎርጎራ ይመላለስ የነበረውን የሳምንት መርከብ ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው። ጠዋት ከባሕር ዳር ይነሣል፣ በየወደቡ ሰውና እህል ያወርዳል ይጭናል፣ ቁንዝላ ያድራል፣ ደልጊ የሚደርሰው በማግስቱ ነው። በምድር እንሂድ ካልን ደግሞ ሐይቁን በምሥራቅ ዞረን ጎንደር ለመድረስ ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሐይቁ መውረድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመትና ሦስት ዓመት እንዳየነው መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ምንም ትርጉም የለውም። ሰው ቁጭ ብሎ "ተከፈተ ወይ?" እያለ ነው የሚጠይቀው።

እንግዲህ 80 የማይሞላ ኪሎ ሜትር ሁለት ቀን፣ 1,400 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ደልጊና ጅዳ በካርታ ላይ አንዱ ከአንዱ በስተሰሜን ናቸው ማለት ይቻላል፤ በመካከላቸው በቀጥታ 1,060 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን የደልጊ ልጅ ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ ትወርዳለች። ከዚያ በመጣችበት አቅጣጫ ተመልሳ፣ አገሯን ከላይ አልፋ ትሄዳለች። መስኮቱ ጋር ከተቀመጠችና ሰማዩ ጥርት ካለ ጣናን ታየው ይሆናል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ደልጊ ላለች አንዲት እናት፣ አንዷ ልጇ ጅዳ፣ አንዱ ልጇ ባሕር ዳር ቢኖሩ፣ ሩቅ ያለው የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገን ማለፍ አንችልም፤ ምክንያቱም ርቀት በዲናችን ሑክም ያለው ነገር ነው። ሙሳፊር ሶላት ያሳጥራል፣ ረመዳንን ማፍጠር ይፈቀድለታል። ታዲያ ሙሳፊር የሚባለው ማነው? የሄደበት መንገድ ነው የሚለካው፣ የፈጀበት ጊዜ ነው ወይስ ድካሙ? ዑለማዎች በዚህ ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። በሐነፊያ መዝሀብ በግመልና በእግር ሂሳብ የሦስት ቀን መንገድ ይባላል፤ መለኪያው ጊዜ ነው ማለት ነው። በሻፊዒያ ደግሞ በርቀት ነው፤ የዛሬ ዑለማዎች ወደ ኪሎ ሜትር ሲመልሱት ከ80 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጡለታል። በ728 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢብን ተይሚያህ ግን ቁጥሩን ትተው፣ ሰው በልማዱ "ጉዞ ሄደ" የሚለው ሁሉ ጉዞ ነው ወደሚለው አዘንብለዋል።

እኔን በጣም ያስገረመኝ የኢማሙ ነወዊ ነገር ነው። በ676 ዓመተ ሒጅራ ነው የሞቱት፤ አውሮፕላን ቀርቶ የእንፋሎት መርከብ እንኳ ባልነበረበት ዘመን ማለት ነው። "ሚንሃጅ" በተባለው ኪታባቸው ባሕርም እንደ የብስ ነው ይላሉ፤ አንድ ሰው ያንን ሁሉ ርቀት በባሕር ላይ በአንዲት ሰዓት ቢጨርሰው እንኳ ሶላቱን ያሳጥራል ይላሉ። ሱብሐነላህ! በዚያ ዘመን በአንድ ሰዓት ማን ይጨርሰው ነበር? ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው አስበውታል። ድካም ባይኖር፣ ጊዜ ባይፈጅ፣ ረግቶ ሻይ እየጠጣ ቢደርስ እንኳ ሰውየው ሙሳፊር ነው። ከቤቱ ርቋልና። እንግዲህ ቦሌ ላይ ተሳፍሮ ጅዳ ለሚወርድ ሰው ኪታቡ የሚለው፣ ሁለት ሰዓት መሆኑ ጉዞውን ጉዞ ከመሆን አያወጣውም ነው። የስልካችን ቁጥር ግን በተቃራኒው ያሳስበናል። ሰዓቱ አነሰ፣ ስለዚህ ርቀቱም ጠፋ ብለን እንድናምን ያደርገናል።

ጊዜ ራሱ ምን ያህል የማይታመን መለኪያ እንደሆነ ለማየት የዋሽንግተኑን በረራ እንይ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደላስ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንሄድም ስንመለስም ያው ነው። ሰዓቱ ግን ያው አይደለም። ከዚህ ሲሄድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል፤ በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ አርፏል። ከነማረፊያው 16፣ 17 ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ ሲመጣ ግን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። ምክንያቱ አንደኛ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ መሆኑ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት ጉልበት ይቀንሳል፤ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ነዳጅም እስከ አሜሪካ ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ደላስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሣል። ሁለተኛ በዚያ ከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሂያጁን ከፊት ይገፋዋል፣ ተመላሹን ከኋላ ያግዘዋል።

ስለዚህ በአየሩና በመሬቱ ሕግ መሄድ ከባድ ነው፣ መመለስ ቀላል ነው። በወረቀቱ ሕግ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ዋሽንግተን ያለው ልጅ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ካልተወሰነ ወደ አገሩ መምጣት ማለት ጉዳዩን በገዛ እጁ ማበላሸት ሊሆን ይችላል። አምስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ የሚጠብቅ አለ። ጅዳ ያለችው እህታችን የቤት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ከከፊሏ ፈቃድ ውጪ የመውጫና መመለሻ ቪዛ አታገኝም። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሠሪና ሠራተኛ አሠራሯን ስታሻሽል ብዙ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ወጥተው እንዲመለሱ ፈቅዳለች፤ የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ውስጥ አልተካተቱም። በኦቦክ ወይም በቦሳሶ በኩል ባሕሩን በጀልባ ተሻግራ የገባችዋ ደግሞ ኢቃማ የላትም። ለእሷ ከጅዳ ደልጊ ስንት ሰዓት ነው? አንዴ ከወጣች መመለስ የለም። ሁለት ሰዓት ከምናምን የሚለው ቁጥር እሷን አይመለከትም።

እንዲህ ዓይነቷን ልጅ "እናቷን ረሳች፣ ገንዘብ በለጠባት" የሚላት ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። ወላሂ ይህ ከባድ ንግግር ነው። የአስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ነገር ማስታወስ ይገባል። እሷና ባሏ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ወደኛ አገር፣ ወደ ሐበሻ ተሰደው ዓመታት ኖሩ። ልጆቿን እዚህ ወለደች። መዲና የደረሱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የኸይበር ዘመቻ ሲያበቃ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ልጃቸው ሐፍሷ ቤት አገኟትና፣ እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋል፣ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናንተ ይልቅ እኛ ቅርብ ነን የሚል ነገር ተናገሯት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ እኮ ከአላህ መልእክተኛ ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሉላችኋል፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችኋል፤ እኛ ግን ለአላህ ብለን ሩቅ ባዕድ አገር ነበርን ብላ መለሰች። ሄዳም ለራሳቸው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነገረቻቸው። ፍርዱ ለእሷ ሆነ። እነ ዑመር ያላቸው አንድ ሒጅራ ነው፣ እናንተ የመርከብ ሰዎች ግን ሁለት አላችሁ አሏት። ከዚያ በኋላ እነዚያ በመርከብ የመጡት ሶሐቦች እየተሰበሰቡ ወደ እሷ ይመጡ ነበር፤ ይህችን ሐዲስ እንድትነግራቸው ብቻ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ታሪክ እኔን የሚያሳየኝ፣ ተገዶ የራቀ ሰው ርቀቱ እንደማይቆጠርበት ነው። እንዲያውም ይቆጠርለታል።

ወደ ሌላኛው ልጅ እንምጣ። ወደ ባሕር ዳሩ፤ ወይም ወደ አዲስ አበባው። ይህ ልጅ ኢቃማ አይጠየቅም፣ የጥገኝነት ጉዳይ የለበትም። መንገድ የተዘጋበት ቀን ዑዝር አለው፤ ያንን ማንም አይክደውም። መንገድ ክፍት የሆነበት ቀን ግን ምን ይላል? "ቅርብ ነው እኮ፤ በፈለግኩ ጊዜ እሄዳለሁ" ይላል። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህችን አባባል ነው። ጅዳ ያለችው "ሩቅ ነኝ" ትላለች፣ ስለዚህ ትናፍቃለች፣ ትደውላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትልካለች። ባሕር ዳር ያለው "ቅርብ ነኝ" ይላል፣ ስለዚህ ምንም አያደርግም። መቅረቡ ራሱ የሄደ ያህል ይሰማዋል። ያልተጠቀሙበት ቅርበት ለእናትየው ምን ይጠቅማታል? ለእሷ የሚታያት በሩን ገፍቶ የገባው ብቻ ነው።

"እደውልላታለሁ" የሚል ይኖራል። መደወል መልካም ነው፤ ሰላምታም ዝምድናን መቀጠያ ነው። ኢሞ ስንቱን እናት አስለቅሶ አስቆታል፣ አላህ ይጨምርልን። ግን እሱም በእጃችን ያለ ነገር አይደለም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ያወሩ የነበሩ እናትና ልጅ ድምፅ ብቻ ቀራቸው፤ ድምፁም የጠፋባቸው ነበሩ። ገንዘብ መላክም እንዲሁ ነው፤ ትልቅ ኸይር ነው። እናቶቻችን ግን "ገንዘቡ ይቅርና ዓይንህን ልየው" ሲሉ ቀልዳቸው አይደለም።

አሁን ማንም ማሰብ የማይወደውን ሂሳብ እንሥራ። ደልጊ ላይ እናት ከሱብሒ በኋላ ወደ አኼራ ሄዱ እንበል። ጀናዛ ማፋጠን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙን ነው፤ በኛ አገር ልማድ ዙህር ላይ፣ ቢዘገይ ዐስር ላይ ይሰገድባቸዋል፣ ይቀበራሉ። ከሞቱ እስከ ቀብር ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ነው። ጅዳ ያለችው ልጅ ከፊሏ በዚያችው ደቂቃ ፈቅዶላት፣ ቲኬት ተገኝቶ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ቢጠብቃት እንኳ፣ ኤርፖርት መድረስ፣ መፈተሽ፣ ሁለት ሰዓት መብረር፣ ቦሌ ወርዶ የአገር ውስጥ በረራ መጠበቅ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር መውረድ፣ ከዚያ በመኪና ደልጊ። አትደርስም። ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ገና አየር ላይ ሳይወጣ አፈሩ ተመልሷል። ጣናን በመርከብ ሁለት ቀን ይሻገሩ የነበሩት የድሮ ሰዎችና በጄት የምንሄደው እኛ በዚያች ቀን እኩል ነን፤ ሁላችንም አንደርስም። "በአንድ ቀን እደርሳለሁ" የሚለው ሂሳብ ለሌላው ቀን ሁሉ ትክክል ነው፤ ለዚያች ቀን ብቻ አይሠራም።

አንዳንድ ቤተሰብ ከውጭ የሚመጣ ልጅ እስኪደርስ አስከሬን ያቆያል። የልጁን ሐዘን እረዳለሁ። ግን በእኔ ግምት በሕይወት እያለች ያልጠበቅናትን እናት፣ ከሞተች በኋላ እንድትጠብቀን መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። የሑክሙን ዝርዝር ዑስታዞቻችሁን ጠይቁ።

መምጣት ላልቻለ ሰው ግን በር አልተዘጋም። ንጉሥ ነጃሺ እዚህ ሐበሻ ላይ ሲሞቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ነበሩ። ተገናኝተው አያውቁም። መልእክተኛ ባሕር ተሻግሮ ሳይነግራቸው የሞቱን ዜና በዚያው ቀን ለሶሐቦች ነገሯቸው፤ ወደ መስገጃው ይዘዋቸው ወጡ፣ ሰልፍ አሲዘው አራት ተክቢራ አደረጉ። ሻፊዒና አሕመድ ከዚህ ተነሥተው በሩቅ ለሞተ ሰው መስገድ ይቻላል ብለዋል፤ አቡ ሐኒፋና ማሊክ ለነጃሺ ብቻ የሆነ ነው ብለዋል። ዱዓው ግን ማንም ያልተለያየበት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ደልጊና ጅዳ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ በኬንትሮስም ጥቂት ነው የሚራራቁት። ዙህር ጅዳ ላይ ገብቶ 9 ደቂቃ ገደማ ሲቆይ ደልጊ ላይ ይገባል። ልጅየዋ ጅዳ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ እናትየዋ ደልጊ ላይ ወደ ሰሜን ዞራ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ቤት ነው የሚሰግዱት። ልጅየዋ ሱናዋን ስትጨርስ እናትየዋ "አላሁ አክበር" ትላለች። ኢቃማ የሌላት፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት እህት ይህን ዘጠኝ ደቂቃ የሚከለክላት የለም።

ለምንችለው ደግሞ አንድ የፊቅህ ጥያቄ ልተውላችሁ፤ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነው። አዲስ አበባ ኑሮውን የመሠረተ፣ ትዳር የያዘ ልጅ እናቱ ቤት ደልጊ ሲሄድ ሙሳፊር ነው ወይ? ሰው ባደገበት ቤት እንዴት እንግዳ ይሆናል ትላላችሁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን የተወለዱባት መካ ላይ በፈትሑ ጊዜ 19 ቀን ሲቆዩ ሶላት ያሳጥሩ ነበር፤ ቤታቸው መዲና ሆኗልና። ስለዚህ ልጁ የእናቱ ቤት ውስጥ ዙህርን ሁለት ረከዓ ሰግዶ ሊያሰላምት ይችላል። እናትየዋ ከኋላ ሆና ስታይ "ልጄ፣ ሁለት ብቻ?" ትለው ይሆናል፤ እሱም "ሙሳፊር ነኝ እኮ እማዬ" ይላታል። በሻፊዒያ መዝሀብ የመጣበትና የሚመለስበት ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት ከነየተ እንደ ነዋሪ አራት ይሰግዳል፤ በሐነፊያ 15 ቀን ነው። አብዛኞቻችን የምንቆርጠው ቲኬት የሦስት ቀን ነው።